የወፍጮ ቤቱ ጉርሻ

አንድ ቀን፣ ያውም በቅዳሜ ገበያ፣ ደምበጫ ውስጥ ወፍጮ የሚያንቀሳቅሰው ቢተው ፊቱን በነጠላ ተሸፋፍኖ ሥራ ቦታው ደረሰ። ሞተሩን ማስነሳት የሚያውቅበት እሱ ብቻ ስለሆነ ቢተው ከሌለ ዱቄት የለም። ባለወፍጮው ጋሼ ጓንጉል የሚያውቁት ሌላውን ሁሉ ነው። ስለ ዝናብ ጠይቋቸው፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ አውሮፕላን፤ «እኔ እነግርሃለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ሕክምና ላይ ሲደርሱማ አይጣል ነው። ስስታቸውን አታንሱት። ከወለል የተጠረገ ዱቄት ለገዛ ዶሮዎቻቸው ሲበትኑ እንኳ ፊታቸው ይጠቁራል።

እኔም ያን ዕለት የጤፍ ጆንያዬን ይዤ ሰልፉ መሃል ነበርኩና የማወራችሁ ያየሁትን ነው።

ቢተው ነጠላውን ገለጥ ሲያደርግ ሁላችንም «ውይ!» አልን። ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ አንገቱ ውሃ በቋጠረ ሽፍታ ተሞልቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ጉድፍ ይዞኛል» አለ። «ባለፈው ትንሿን ልጄን ይዟት ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ያኔ ነርሷ ‹አዋቂን ከያዘ ይጠናል፣ ትኩሳት ከተሰማህ ሳትውል ሳታድር ና› ብላኛለች። ይኸው ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ አደረ። ዛሬ ደግሞ የሚሠሩት እስከ ቀትር ብቻ ነው። ይፍቀዱልኝና ልሂድ።»

ጋሼ ጓንጉል መጀመሪያ የጆንያውን ሰልፍ አዩ። ከዚያ ወደ ቢተው ጠጋ ብለው፣ አፍንጫቸው አፍንጫውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ጎተት አድርገው መረመሩት።

«የምን ጉድፍ? ጉድፍ የልጅ በሽታ ነው፤ ጢም ያለውን ሰው አይዝም! እኔ እነግርሃለሁ፣ ይኼ ምች ነው። ትናንት ላብህ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጥተሃል አይደል?»

«ትናንት ሲዘንብ ነው የዋለው፣ ጋሼ።»

«ያው ነው! የዝናብ ምች ይብሳል! ዳማከሴ ጨምቀህ ትጠጣለህ፣ ሰውነትህን ትታሽበታለህ፣ አለቀ። ጤና ጣቢያ ሄደህ መርፌ ቢወጉህ ግን ወደ ውስጥ ይገባና አንጀትህ ላይ ይወጣብሃል።»

«ጋሼ፣ ይተላለፋል ብላኛለች እኮ። እዚህ ሕፃን ያዘለች አለች፣ ነፍሰ ጡር አለች...»

ጋሼ ጓንጉል ወደ እኛ ዞሩ። «ምች ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ያየ አለ?»

የለም አልን። አልዋሸንም፤ እውነትም ምች አይተላለፍም።

«ሰማህ? ይልቅ ሞተሩን አስነሳ። ማንም ደግሞ ልብ አይልህም፤ ትንሽ ቆይተህ ዱቄት ሲለብስህ እንደ ሌላው ቀን ትሆናለህ። አይ ካልክ ግን በዚያ በር ስትወጣ በዚያው ቅር። ወፍጮ ላይ ልሥራ የሚል ሞልቷል።»

ቢተው አንጀቴን በላው። ሰውዬው ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራውን ቢለቅ ደግሞ ልጆቹን በምን ያበላል?

በዚህ መሃል የጋሼ ጓንጉል ባለቤት የላኩት ቁርስ ደረሰ፤ ቅቤ የጠገበ ፍርፍር። ጋሼ ቢተውን አዩት፣ የቆመውን ሞተር አዩት፣ ሰልፉን አዩት፤ ከዚያ ደምበጫ ሰምታ የማታውቀውን ቃል ተናገሩ።

«ና፣ ባይሆን አብረን ቁርስ እንብላ። ምች ባዶ ሆድ ይወዳል።»

ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ቢተው ግን ፊቱ በራ። እጁን ተጣጥቦ ተቀመጠና ጋሼ ሳህኑን ሳይነኩ ቀድሞ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ። እጅጌው ወደ ላይ ሲሰበሰብ እጁ ሁሉ ሽፍታ መሆኑ ታየ፤ ሲያክከው ያደረው ደግሞ ፈርጧል።

«እንኩ ጋሼ፣ በሞቴ!»

ጋሼ ጓንጉል ወደ ኋላ አሉ። «ጠግቤያለሁ!»

«ገና አልቀመሱም እኮ።»

«ጾመኛ ነኝ!»

«በቅዳሜ? በቅቤ ፍርፍር?»

«ጥርሴን አሞኛል!»

«ልስልስ ነው ጋሼ፣ አፈር ስሆን! በሰው ፊት ጉርሻ ይመልሱብኛል? አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው እንደሆነ ሁለተኛውንም እጠቀልላለሁ።»

ጉርሻዋ ወደፊት፣ ጋሼ ወደ ኋላ፣ ጉርሻዋ ወደፊት፣ ጋሼ ወደ ኋላ፤ በመጨረሻ ጀርባቸው ግድግዳውን ገጨና የከረመ ዱቄት ራሳቸው ላይ ተራገፈ።

«አንሳ እጅህን!» ብለው ጮኹ። «ልታስይዘኝ ነው እንዴ?»

«ምኑን ጋሼ? ምቹን?»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቢተው ግን አልሳቀም፤ ጉርሻዋን እንደያዘ ወደ እኛ ወደ ሰልፈኞቹ አመለከተ።

«ጋሼ፣ ከዚህ እጅ አንዲት ጉርሻ እርስዎን ግድግዳ ካስገጨች፣ ይኼ ሁሉ ገበያተኛ ምን በድሎዎት ነው በዚሁ እጅ ዱቄቱን አጉርስልኝ የሚሉኝ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ነፍሰ ጡሯ «ኧረ በማርያም!» ብላ ከሁሉ ቀድማ ወጣች። የቀረው ሰው ጆንያ ጆንያውን አነሳ። የኔን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም፣ ብቻ ትከሻዬ ላይ አገኘሁት።

«ሂድ!» አሉ ጋሼ ጓንጉል። «ሂድ ታከም!»

«ሥራዬስ?»

«ይጠብቅሃል!»

«ይኼ ሁሉ ሰው ሰምቷል።»

«ይስማ! ብቻ ያቺን ነገር ከፊቴ አርቃት!»

ቢተው ጉርሻዋን ራሱ ጎረሳትና ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

እዚያም የትኩሳት ማስታገሻና የሚያሳክከው ላይ የሚቀባ መድኃኒት ሰጡት። ጥፍሩን እንዲቆርጥ፣ እንዳያክ፣ ሽፍታው ሁሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪሆን ሰው መሃል እንዳይገባ ነገሩት። ነፍሰ ጡሮችንማ በሩቁ እንዲሸሽ አስጠነቀቁት። ወፍጮውም ባለሙያውን እየጠበቀ ተዘግቶ ከረመ።

ቢተው ድኖ በተመለሰ ሰሞን ግን ጋሼ ጓንጉል ከወፍጮ ቤቱ ቀሩ። ከጉርሻዋ ቢያመልጡም አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው የመረመሩት በሽተኛ ትንፋሽ መቼ ለቀቃቸው! ቢተው ቤታቸው ሊጠይቃቸው ቢገባ ጋቢ ተከናንበው፣ ፊታቸው እንዳለ ውሃ ቋጥሮ፣ ይንቀጠቀጣሉ።

«ዳማከሴ ልጭመቅልዎ፣ ጋሼ?»

«አታሹፍ! ባጃጅ ጥራ!»

ደግፎ አደረሳቸው። ነርሷ ቀና ብላ «አባቴ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?» አለቻቸው። ቢተው «እኔ እነግርሻለሁ» እስኪሉ ጠበቀ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

ቢተው ጋሼ ክፉኛ መታመማቸውን ያመነው ያኔ ነው።