ቀንዳሙ በሬና የባላባቱ በር

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው በረት ግን የበሬ ነው።

ትሁኔና ባሏ ባይለየኝ የተጣለ ነገር አይተው የማያልፉ ገበሬዎች ነበሩ። የከብት ቤታቸውን የሠሩት ጎርፍ ካመጣው የድልድይ ግንድና ከፈረሰ ወፍጮ ቤት ቆርቆሮ ነው። በሩን ከአንድ ባላባት ቤት ፍርስራሽ አገኙትና ግድግዳውን በእሱ ልክ አቆሙ። የደቦው ሰው ጠላውን ጠጥቶ፣ መርቆ ከሄደ በኋላ ነው ቦራ የሚሉትን በሬያቸውን ቀንዱ እንደማያስገባው ያዩት።

«በእኔ የገባ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው» አለ በሩ ኮራ ብሎ።

«እኔ ለቀንበር እንጂ ለሳንቃ አንገቴን አልደፋም!» አለ ቦራ።

ሰማዩ ጠቆረ። ባይለየኝ ግድግዳውን ሊያፈርስ መጥረቢያውን አነሳ።

«ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ዝናቡ ይቀድምሃል!» አለች ትሁኔ። ጨው በውኃ በጠበጠችና የበሩን መቃን በአንድ ወገን፣ ከታች በኩል ቀባችው።

ጨው ቦራን ሸተተው። አንገቱን ዝቅ፣ ቀንዱን ዘንበል አድርጎ እየላሰ እየላሰ ሳያውቀው ውስጥ ገባ። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ።

«ደፋህ አይደል?» አለ በሩ።

«ማን? እኔ? ጨው ስልስ ነው እንጂ!»

ትሁኔ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ጨው ከተቀባ ይኸው ስንት ክረምት አለፈ። ቦራ ግን ዛሬም ከእርሻ ሲመለስ መቃኑን ሳይልስ አይገባም።

እኔም ተረቴን አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።