አይሸሽም የሚለው ስም በቀጨማ

በቀጨማ አገር አይሸሽም የሚባል ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አስተማሪው ክፍል ገብቶ «አይሸሽም!» ሲል ከየወንበሩ «አቤት» ስለሚሉት፣ የአባት ስም ካልጨመረ አይለያቸውም። እንግዳ የጦረኛ ስም ይመስለዋል። ሽማግሌዎች ግን ነገሩ ከጦር አይደለም፣ ስሙም አስቀድሞ የአባት ስም ሆኖ ነው የታወቀው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ አይሸሽምና ውብነህ የሚባሉ ባልንጀሮች ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚሆን ዝግባ ሊቆርጡ ጫካ ወርደው ሳለ፣ ውብነህ የሚቆርጠው ዛፍ ባላሰበው በኩል ወደቀና አይሸሽምን ገደለው። ሟች ልጅ አልነበረውም፤ እናቱ እመት ጥሩወርቅ ብቻ ነበሩት። የአጎቱ ልጆች ጦር አነሱ። የውብነህ ዘመዶች «ቆላ ወርደህ ተደበቅ፣ ሚስትህም እርጉዝ ናት» ብለው ቢለምኑት፣ እሱ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ለቅሶው መሀል ገባና ከእናትየዋ እግር ስር ተደፋ ይባላል።

እመት ጥሩወርቅ ባለጦሮቹን በእጃቸው ከለከሉ።

«ልጄስ ሞተ» አሉት ውብነህን። «ስሙን ማን ይጥራልኝ? የአይሸሽም ልጅ የሚባል ከእንግዲህ ማንን አያለሁ?»

ውብነህ ቀና ሳይል «ሚስቴ የምትወልደው የሱ ይባል» አለ።

በዚህ ታረቁ። የተወለደውም ልጅ ሸጋው አይሸሽም ተባለ። ውብነህ አሳደገው፣ እርሻ አስተማረው፤ መንገደኛ «የማን ልጅ ነህ?» ሲለው ልጁ «የአይሸሽም» እያለ ሲመልስ፣ አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ሸጋው አድጎ አግብቶ ወንድ ልጅ ሲወልድ፣ «አባዬ፣ እመት ጥሩወርቅም አርፈዋል፤ ይሄን ውብነህ ልበለውና ስምዎ ይመለስ» አለ።

ሽማግሌው ሕፃኑን ታቅፎ መለሰ። «ውብነህ ሸጋው ከተባለ አይሸሽም ከሰው አፍ ጠፋ ማለት ነው። እኔ ቃል የገባሁት ለአሮጊቷ ዕድሜ ብቻ አይደለም። አይሸሽም በለው።»

«እርስዎስ?»

«አንተ አባዬ ትለኛለህ፤ ይበቃኛል።»

ይህን የሰሙ የሟች የአጎት ልጆችም ለልጆቻቸው ስሙን አወጡ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ፣ ከሁለቱ ወገን ቀድሞ የሚወለደውን ወንድ አይሸሽም ማለት የአገሩ ልማድ ሆነ።

ዛሬም በቀጨማ ዘር ሲቆጠር ሸጋው ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። አንዱ «የአይሸሽም ልጅ» ይላል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውብነህ የሰጠው» ብሎ ይጨምራል፤ ከዚያ ቆጠራው ይቀጥላል።