ሦስቱ ቅሎችና የሽውታ ራስ

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይስማበት፣ ራስ ያለው ይጠንቀቅበት።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ጋሪ ሠርተው ከዳገት ወደ ታች በሚሽቀዳደሙበት ጊዜ፣ ሽውታ የምትባል አንዲት ወጣት ጥንቸል ነበረች። በዚያ ዓመት ለጋሪ ዕድሜዋ ደረሰ፤ ሌላ ሐሳብም ሌላ ሕልምም አልነበራት።

የውድድሩ ዳኛ ግን አያ ኤሊ ነበር፤ ድንጋይ ልብሱን ሲበላም ሲተኛም የማያወልቀው። "ያላችሁ አንድ የራስ ቅል ነው" አለ። "ሌላ ቅል ደርቡበት። ልኩ ያልሆነ ቅል የደፋ ጋሪ አይነካም።"

እናቷ እመት ጥንቸል ብቻዋን ገበያ ወጥታ አንድ ትልቅ ቅል ይዛ መጣች።

"ይሰፋኛል እኮ እማዬ" አለች ሽውታ።

"ለዕድገት ነው ልጄ። ለከርሞም ይሆንሻል።"

"እውነቷን ነው፣ እኔ ውስጥ ታድጊያለሽ" አለ ትልቁ ቅል።

ሽውታ ደፍታው ራሷን ነቀነቀች። ራሷ ወደ ቀኝ ሲዞር ቅሉ ወደ ግራ ዞረ፤ ዓይኗ ላይ ወርዶም ከምሰሶ ጋር አጋጫት። አያ ኤሊ አይቶ መለሳት። "ጫማ ዕድገት ይጠብቃል፤ መውደቅ ግን አይጠብቅም" አለ።

እመት ጥንቸል ከቆጥ ላይ የፈትለክን ቅል አወረደች። ፈትለክ የሽውታ ታላቅ ወንድም ነው፤ አምና ከጋሪ ወድቆ በዚህ ቅል ተርፏል። እናቱ ውለታውን ስለማትረሳ በየሳምንቱ ቅቤ ትቀባው ነበር። ቅሉ ያብረቀርቃል፤ ለሽውታም ልክ ሆናት።

ቅሉ ግን ቃተተ። "እመት ጥንቸል፣ እባክሽ ለልጅሽ አትስጪኝ።"

"ምነው? ልጄን ያተረፍክልኝ አንተ አይደለህ?"

"ነኝ፤ ግን አንዴ ነው። ከላይ ታሳምሪኛለሽ፤ ውስጤን ግን በጣትሽ ዳብሺው።"

እመት ጥንቸል ውስጡን ብትዳብስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ ስንጥቅ አገኘች። እንባዋ መጣ።

"ዓመት ሙሉ ስንጥቅ ነው ስቀባ የከረምኩት?"

"ቅቤ ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም" አለ ቅሉ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው እናትና ልጅ ተያይዘው ቅል አብቃይዋ እመት ጃርት ዘንድ ሄዱ። እመት ጃርት እጇ ባለሙያ፣ ነገሯ እንደ እሾኋ ነው።

"አሁን ገና ልጅሽን ይዘሽ መጣሽ" አለች። "ራስ በሌለበት ቅል ይለካል?"

አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ አንድ መልከ ጥፉ ቅል "እስቲ እኔን ሞክሩኝ" አለ። "አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን አጣጥፊ።"

"ጆሮዬ ውበቴ ነው" አለች ሽውታ።

"ራስሽስ?"

ሽውታ ጆሮዋን አጣጠፈች፤ እመት ጃርትም ቅሉን ቆርጣ ፍሬውን አወጣችና ደፋችላት። ራሷን ብትነቀንቅ ቅሉም አብሯት ተነቀነቀ። እመት ጃርት ፍሬውን ለእናትየው ቋጠረችላት፤ ውስጡን በጥጥ ገበረችው፤ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ጠፍርም አበጀችለት።

"ፀሐይ ላይ አትጣይው፣ አትቀመጪበት፣ ላቡን አድርቂለት" አለቻት። ሽውታም የተባለችውን ሁሉ አደረገች።

የውድድሩ ቀን አያ ኤሊ ቅሉን ሳብ፣ ጠፍሩን ጠበቅ አድርጎ "ሂጂ" አላት። ሽውታ ከነፈች። ሾላው ሥር ካለው መታጠፊያ ስትደርስ ግን ጎማዋ ድንጋይ መታ፤ ጋሪው ተገለበጠ። ቅሉ ቋ ሲል ዳር ድረስ ተሰማ።

አቧራው ሲገፈፍ ሽውታ ቆማ ነበር፤ ጠፍሯን ፈትታ ጆሮዋን ትዘረጋለች።

"ራስሽ ደህና ነው?" አላት ቅሉ።

"ደህና ነው። አንተስ?"

"እኔማ ተሰነጠቅሁ፤ ሥራዬን ግን ጨረስኩ። ደስም ብሎኛል።"

ሽውታ ጋሪዋን እየገፋች ከሁሉም ኋላ ገባች። እናቷ አንደኛ የወጣች ያህል አቀፈቻት።

ቤት ሲደርሱ የእመት ጥንቸል እጅ በልማዱ ወደ ቅቤው ሄደ። ነገር ግን መለሰችው፤ በምትኩ ቋጠሮዋን ፈትታ ፍሬውን አጥሯ ሥር ዘራች። ለከርሞው አጥሩ ትልቅም ትንሽም ቅል አንጠለጠለ፤ የሠፈሩ ልጆችም ራሳቸውን ይዘው እየመጡ ለኩ። ከሁሉ ቀድማ የለካችው ሽውታ ነበረች።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው፤ ቅሉም ለየራሱ ነው። አንዴ ያዳነ ይመሰገናል እንጂ ዳግም አይደፋም።

ተረቴን መልሱ፤ ከመክነፋችሁ በፊት ጠፍራችሁን ዳስሱ።