ገመድ ያዡ ስሙን ይጥራ

በቀጨሞ አምባ የሰው ደጅ የሚያንኳኳ እንግዳ መጀመሪያ ግራ ይጋባል። በሌላው አገር ከውስጥ ያለው ሰው «ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ግን የቤቱ ባለቤት አስቀድሞ የራሱን ስም ይናገራል። «እኔ ነኝ፣ ደምላሽ ነኝ» ይልና «አንተስ?» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የጨው ነጋዴ «ያንኳኳሁት እኔ፣ ስሙን የሚነግረኝ እሱ! መቼ ጠየቅሁት?» እያለ በየገበያው ሲስቅባቸው ኖሯል ይባላል። የአምባው ሰዎች ግን በዚህ ነገር አይስቁም።

እንደሚነገረው፣ የዛሬው የድንጋይ ደረጃ ሳይጠረብ በፊት ወደ አምባው መውጫ አንድ የጠፍር ገመድ ብቻ ነበር። ከየቤቱ የበሬ ቆዳ ጠፍር ተዋጥቶ ይጎነጎናል፤ ወጪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስርና ጎልማሶች ከላይ ይስቡታል። የገደሉ አፍ ወደ ውጭ ስለሚያጎነብስ ከታች የቆመ ሰው የሚስበውን አያይም፤ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በዚያ ዘመን የገመድ ያዦቹ አለቃ አስረስ የሚባል ሰው ነበር፤ ክንደ ብርቱ፣ ቃሉን የማያጥፍ፣ ቃሉን እንደማያጥፍም ራሱ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሕዝቡ የሚያርሰው ከታች ሜዳው ላይ ስለነበር፣ ወራሪ መጣ በተባለ ቁጥር ሁሉን ጥሎ ወደ ገመዱ ይሮጣል። ፈረሰኛ ከወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ከደረሰ ገመዱ ይነሣ የሚለውን ሕግ ያወጣው ይኸው አስረስ ነው።

በአንድ የመኸር ቀን ወራሪ መጣ ተባለና ሕዝቡ እየተሳበ ወጣ። አንዲት ሴት ብቻ ጎደለች። እናንዬ የምትባል ባልቴት ነበረች፤ የአስረስ ጎረቤት፣ ሚስቱ ወልዳ በታመመች ጊዜ ልጁን ጡቷን ያጠባችለት። ጥጃዋ ቤት ውስጥ ታስሮ ስለነበር ከቤቱ ጋር እንዳይቃጠል ልትፈታው ተመልሳ ነው። እንግዲህ ሞት እየመጣ ለጥጃ የሚመለስ ማን ነው? እሷ ግን እንዲያ ነበረች።

ፈረሰኞቹ ሾላው ሥር ሲደርሱ አስረስ «ሳብ!» አለ፤ ገመዱም ተነሣ። ገና ተጠቅልሎ ሳያልቅ ከታች ድምፅ ተሰማ።

«ደርሻለሁ! ጣሉልኝ!»

ሰው ሁሉ ወደ አስረስ ዞረ። እሱም «ሾላው ሥር ደርሰዋል፤ ጊዜ የለም» አለ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ልባቸው ያረፈም አልጠፋም፤ ይህንን ዛሬ ታሪኩን የሚያወሩ ሽማግሌዎች አይደብቁም።

አስረስ ወደ ወንዙ መለስ ብሎ ያየው ከዚህ በኋላ ነው። ፈረሰኞቹ ወርደው፣ ልጓም አውልቀው፣ ፈረሶቻቸውን ውኃ ያጠጡ ነበር። አንድ ሰው ቀርቶ ሦስት ሰው ለመሳብ የሚበቃ ጊዜ ነበር። ሾላው የሚታየው እሱ ከቆመበት ቦታ ብቻ ስለሆነ ሌላ ያየ የለም። «ተሳስቻለሁ፣ ልቀቁት» ቢል ይበቃ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጊዜ የለም ብሏል፤ አሁን ምን ብሎ ይመልሰው?

«የእኔም በሬ ቆዳ አለበት እኮ!» አለች እናንዬ።

ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ገመዱን የያዘው ማነው?» ስትል ጠየቀች።

አስረስ ሰምቷል። ስሙን ቢናገር ገመዱን ሳይጥል መቆም እንደማይችል ስላወቀ ዝም አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቀች ይላሉ፤ አራተኛ አልጠየቀችም። ፈረሶቹም እስኪጠግቡ ጠጥተው መጡ።

ወራሪዎቹ በሦስተኛው ቀን ሲሄዱ ሰው ወርዶ እናንዬን ቀበራት። ጥጃው ከቁጥቋጦ ውስጥ ወጥቶ፣ ደህና ሆኖ ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ አስረስን ሊያጽናኑት «አይዞህ፣ የጠበቅኸው ሕጉን ነው» አሉት። ያን ጊዜ የፈረሶቹን ውኃ መጠጣት ነገራቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ቢሆንም ሕጉ…» ብሎ ሊጀምር ሲል አስረስ አቋረጠው።

«ገመዱን ሕጉ አልያዘውም፣ አባቴ። እኔ ነኝ የያዝኩት።»

ከዚያ ወዲያ ወደ አምባው አልወጣም ይባላል። ከመቃብሯ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ፣ ማለዳ ማለዳ እየቆመ «እኔ ነኝ፣ አስረስ ነኝ» ይላት ነበር፤ ምን ይሆናል፣ ጠያቂዋ የለችም። ሊሞት ሲል አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ከእንግዲህ ገመድ የሚይዝ ሁሉ ከታች ላለው ሰው አስቀድሞ ስሙን ይጥራ አለ።

ዛሬ ገመዱ የለም፤ ልማዱ ግን ከገደሉ አፍ ወደ የቤቱ ደጅ ተዛውሯል። ይህ ልማድ የአምባውን ሰው ደግ አድርጎታል ብሎ የሚያወራ ሽማግሌ የለም። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ክፉ ዘመን ሲመጣ፣ አንድ ሰው ደጅ ያንኳኳል፤ ከውስጥ ሰው እንዳለ ይታወቃል፤ ስም ግን አይጠራም። ያንኳኳውም ሰው ሁለተኛ ሳያንኳኳ መንገዱን ይቀጥላል።