የጃርት ሆድ

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሌለው ይዋስ!

«ጀርባዋ እሾህ የሆነባት ሞግዚት ልጅ እንዴት ታዝላለች?» በእንስሳት የሕፃናት ማቆያ የምትሠራው ዓይን አፋሯ ጃርት ይህን ስታስብ ዓመታት አለፉ። ማለዳ ማለዳ ሌሎቹ ሕፃናቱን እየተሻሙ ሲያዝሉ፣ እሷ ደጁን ትጠርግ ነበር።

አንድ ጠዋት ጦጢት ልጇን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ኧረ ተቀበሉኝ፣ ሥራ ረፈደብኝ!» ልጇ ግን አንገቷ ላይ ተጣብቆ አለቅም አለ። ችኩሏ ፍየል «ና እሽኮኮ!» ብላ አዝላው ብትዘል፣ ጭራሽ ማቆያውን በጩኸት አናጋው።

ጦጢት ተስፋ ቆርጣ «በቃ፣ ይዤው ልመለስ» ስትል ልጁ ጃርትን አየ።

«ያቺ የማትዘለዋ ትያዘኝ!»

«እኔ? እሾሄ ይወጋሃል እኮ፣ የኔ ጌታ» አለች ጃርት፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች።

«ሆድሽም እሾህ አለው?»

ጃርት ጎንበስ ብላ አየች። የለውም!

«ኧረ ጉድ! ልጅ በሆድ ሊታዘል?» ፍየል በሳቅ ፈረሰች።

ጃርት ግን መጥረጊያውን አስያዘቻት። «እንግዲያው እትዬ ፍየል፣ ደጁን ዛሬ አንቺ ጥረጊ» ብላ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

ጦጢት ከደጁ ሳትርቅ የልጇ ሳቅ ደረሳት።