ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ከወደዳችሁትም ለሌላ ሰው አውሩት።

አንዲት ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። የምትኖርበት ከተማ መንገዱ አስፋልት አያውቅም። ድንጋይ የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀይ አቧራ ተነስቶ ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል። ከቤቷ ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አለ። ከጎኗ ደግሞ ጋሽ ተካልኝ ጥጥ እየነደፈ ፍራሽ ያድሳል። ደብሪቱ በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ጠባብ ክፍል ይዛ በኮምፒውተር የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። ልጆቿን የምታሳድገው በእሱ ነው፤ እሱ ከቆመ ጓዳዋም ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች። ሰው ቴሌቪዥኑን እንደሚያለብሰው፣ እሷም በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሰችው። ስትጽፍ እንኳ የምትገልጠው የስክሪኑን መስታወት ብቻ ነው። ዋናው ሳጥን ግን እንደተሸፈነ ይሠራል።

አንድ ቀን ማመልከቻ እየጻፈች ሳለ ኮምፒውተሩ ድርግም አለባት። «አቧራ ገብቶበት ነው» አለችና በዳንቴሉ ላይ ፎጣ ደረበች። በማግስቱም ጠፋ። በፎጣው ላይ ጋቢ ጨመረች፤ መስኮቱን ዘጋች፤ ከበሩም ሥር ጨርቅ ወተፈች። ኮምፒውተሩ ግን ባሰበት። አንድ ገጽ ሳይጨርስ ይጠፋ ጀመር።

ጋሽ ተካልኝ ብቅ ብሎ ጋቢውን አየና «ደብሪቱ፣ አራስ አስተኝተሻል እንዴ?» አላት።

«ዝም በል ጋሽ ተካልኝ። የአንተ ጥጥ ነው የጨረሰው።»

«እሺ፣ ገንፎው ሲደርስ ጥሪኝ» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ደብሪቱ ግን አልሳቀችም። ደንበኞቿ በሙቀቱም በመጠበቁም ተሰላችተው ሌላ ከተማ እየሄዱ ማስጻፍ ጀምረው ነበር። በመጨረሻ ሸዋረጋ የሚባል የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራች። እሱ በሩ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ገና መጥፋቱ ነበር። ሸዋረጋ የተደራረበውን ልብስ አየና ቆመ።

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነው፣ ወንድሜ።»

«እስኪ እጅሽን ከሥር አስገቢና ዳስሺው።»

ደብሪቱ እጇን ሰደደች። ሳጥኑ ይፋጃል።

«ልጅሽ እንዲህ ሲያተኩሰው ምን ታደርጊያለሽ?»

«ድሮማ ብርድ ልብስ እደራርብበት ነበር። ጤና ጣቢያ ሲቆጡኝ ነው ልብሱን ማውለቅ የተማርኩት።»

«ታዲያ ይሄኛውስ?»

ደብሪቱ እጇን ከሥር አወጣች። ጋቢውን አነሳች፤ ፎጣውን አነሳች፤ ዳንቴሉንም አነሳች። ሸዋረጋ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ በካቻቢቴ ሳጥኑን ከፈተው።

ውስጡ ከሕፃን መዳፍ የማትበልጥ ማራገቢያ ነበረች። ግን አትታይም። ግራጫ ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር ሸፍኗታል። ደብሪቱ ተንበርክካ ስታየው ሁሉንም ለየችው። ቀዩ የመንገዱ አፈር ነው። ነጩ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ነው። ጥጡ የጋሽ ተካልኝ ነው። በመሃሉ የራሷ ዳንቴል ክር ሳይቀር ተጎንጉኗል። ከተማዋ በሙሉ እዚያች ሳጥን ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ሸዋረጋ ሳጥኑን ደጅ አውጥቶ በብሩሽ ሲጠርገው ሁለቱም ያስነጥሳቸው ጀመር።

«ወፍጮ ቤቱ በርበሬም ይፈጫል ማለት ነው» አለ ዓይኑን እያሻሸ።

ከዚያ ወደ ቤት መልሶ ኤሌክትሪኩን ሰካና የሳጥኑን ክዳን ሳይገጥም አበራው። ትንሿ ማራገቢያ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ ዞረች፤ ከዚያም ክንፎቿ እስከማይለዩ ድረስ ፈጠነች። ደብሪቱ መዳፏን ከኋላው አስጠጋች። ለስለስ ያለ ነፋስ ነካት።

«ይተነፍሳል» አለች በሹክሹክታ።

«ይተነፍሳል። የሚተነፍስ ነገር ደግሞ አቧራ መሳቡ አይቀርም። መድኃኒቱ ማፈን አይደለም። ሲሠራ ገልጠሽ ተይው፤ ከወለሉ ከፍ አድርጊው፤ አልፎ አልፎም አጥፍተሽ አጽጂው። ዳንቴሉን ሥራ ጨርሶ ሲበርድ ታለብሺዋለሽ።»

ጋሽ ተካልኝ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ለቀልድ ነበር የመጣው። ደጅ የወደቀውን ጥጥ አየ፤ የምትዞረውንም ማራገቢያ አየ።

«ይሄን ሁሉ ተሸክማ ነው ስትሠራ የኖረችው?» አለ።

ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩዋት። ደብሪቱ የስንቱን ሰው አቤቱታ ስትጽፍ፣ ይህች ትንሽ ነገር ከጎኗ ሆና የከተማውን አቧራ እየማገች ታቀዘቅዝ ነበር። እሷም ወድዳ፣ ተጨንቃ፣ በገዛ እጇ ልታፍናት ነበር። ተነስታ መስኮቱን ከፈተችው።

እኛም የምንወደውን እንዳይቆሽሽ ብለን ስንሸፍነው ትንፋሽ እንነሳዋለን። ያደፈ ይጸዳል፤ የታፈነ ግን ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል። እናንተስ እንዳይቆሽሽ ብላችሁ ያፈናችሁት ምን አለ?

እኔ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለኝ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ እንዲህ ያሉ ታሪኮች እጽፋለሁ። ሰው ፊደሌን አይቶ እንዳይስቅብኝ ብዬ ሁሉንም ሸሽጌአቸዋለሁ። ሳልሸፍን የተውኩት ይህን ብቻ ነው።