ዳለቻን ማን አዳናት?

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ዳር ቁልቁለት ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ አቶ ይማም የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአልጋ አልተነሱም። የሟቿ ድመት ዳለቻ ደረታቸው ላይ ትተኛለች፤ ኩርር ስትል ከሰሙ እህል ይቀምሳሉ፣ ካልሰሙ አይቀምሱም።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ዘይነባ፣ እንድሪስና ሙሂዬ። ዘይነባ አበባ እርሻ ተቀጥራ ትሠራለች። አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ነጭ ሊሊ አበባ በጣሳ ተክላ አመጣች። «ባያዩትም ያሸቱታል ብዬ ነው» አለች።

ዘይነባ ገና ሳትመለስ፣ ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ዳለቻ ለሃጯን እያዝረበረበች ስታስታውክ ተገኘች። የአበባው ቅጠል ተቀርጥፏል፤ አፍንጫዋ ላይም ቢጫ ዱቄቱ አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ወተት ስጧት፣ መርዝ ያረክሳል» አለ። ዘይነባ ከለከለች። ከአፏ የቀረውን ቅጠል አወጣች፣ ዱቄቱን እንዳትልሰው በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችላት፣ አበባውን ከነቅጠሉ ቆርጣ በፌስታል ቋጠረች።

«ሐኪሙ ምን እንደበላች ይወቅ» አለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት «አባባ፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብላ ተናገረች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እንድሪስ ድመቷን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ወጣ። ናዳ መንገዱን ስለዘጋው መኪና አያልፍም። በጭቃው ቁልቁለት ሮጠ። ወንዙ ጋ አዳልጦት ወደቀ፤ ድመቷን ላለመልቀቅ እጁን ሳይዘረጋ ቀርቶ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። የቀረውን መንገድ በዱላ እየተጎተተ ጨረሰው።

የእንስሳት ሐኪሙ አበባውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ይህ የድመት ኩላሊት ይገድላል። አበባውን ባላይ የሆድ መድኃኒት ሰጥቼ እመልሳት ነበር፤ ትሞት ነበር። ዘግይታ ብትመጣም ትሞት ነበር። አሁንም ሦስት ቀን ግሉኮስ ያስፈልጋታል። መርፌውን እንዳትነቅለው የሚይዛት ሰው አምጣ።»

ሙሂዬ ከሥራው ተጠርቶ መጣና እግሯን ይዞ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ዘይነባ ደወለች።

«አባባ እያጣጣሩ ነው፤ ድረስ!»

«ዳለቻን ጠየቁ?»

«ከእሷ ሌላ ነገር አይናገሩም።»

«እንግዲያው አልለቃትም» አለ ሙሂዬ።

አቶ ይማም ቀትር ላይ ሞቱ። የመጨረሻ ቃላቸው «ዳለቻ ላዳነልኝ ልጅ ትሁን» የሚል ነበር። በዚያው ቀን ተቀበሩ፤ ሙሂዬ የአባቱን መቃብር አፈር አላለበሰም።

በአራተኛው ቀን ድመቷ ከስታ፣ ግን በሕይወት ተመለሰች። ባዶው አልጋ ላይ ወጥታ ፍራሹን አሸተተች፣ ጮኸችም። ሦስቱም ልጆች ለእኔ ትገባለች አሉ።

«አበባውን ደብቄ ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?» አለች ዘይነባ።

«ገዳይዋን ያስገባሽው አንቺ ነሽ» አለ እንድሪስ። «እኔ ዕድሜ ልኬን አነክሳለሁ።»

ሙሂዬ «አባቴን አልቀበርኩም» አለ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች እስኪደክማቸው ተከራክረው ሳይፈርዱ ተነሱ። ፍርዱ ለእናንተ ቀርቷል፤ አቶ ይማም ያሉት ልጅ የትኛው ነው? ዳለቻስ ለማን ትገባለች?